ቢራቢሮ ፈላጊው ሮትሺልድ

ሮትሺልድ የሚለውን ስም እስራኤል ውስጥ ያልሰማ የለም። ቴል አቪቭ መሀል በዛፍ የተጋረደው ትልቁ ጎዳና በዚህ ስም ይጠራል። ዚክሮን ያዕቆብንና ሌሎች ቀደምት የእርሻ መንደሮችን በገንዘባቸው የረዱት፣ ሕዝቡም «ሃባሮን» እያለ የሚጠራቸው ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ ከቤተሰቡ የፈረንሳይ ቅርንጫፍ የመጡ ናቸው። በ1917 የእንግሊዝ መንግሥት በፍልስጤም ምድር ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ ቤት እንዲቋቋም እንደሚደግፍ የገለጸበት የባልፎር ደብዳቤ ደግሞ የተጻፈው ለሎንዶኑ ለሎርድ ዋልተር ሮትሺልድ ነበር። የዋልተር ታናሽ ወንድም ግን በእኛ አገር ስሙ ብዙም አይነሳም። ናትናኤል ቻርልስ ሮትሺልድ ይባላል። ቀን ቀን የቤተሰቡን ባንክ ሲያስተዳድር፣ በትርፍ ጊዜው ቢራቢሮና ቁንጫ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ የሚታወሰው ግን በባንኩ ሳይሆን፣ ማረሻና የውሃ ቦይ እየዋጣቸው የነበሩትን ረግረጎች፣ ጫካዎችና መስኮች ለማዳን ባደረገው ጥረት ነው።

ቻርልስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 9 ቀን 1877 ሎንዶን ውስጥ ነው። አባቱ ናታን ሮትሺልድ የእንግሊዙ ባንክ መሪ ነበሩ። በ1885 ሃይማኖታቸውን ሳይለውጡ ሎርድ ተብለው በእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያው አይሁዳዊ እርሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ የሚኖረው ከሎንዶን በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በትሪንግ ከተማ፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዋልተር ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንስሳና ነፍሳት ከመሰብሰብ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። አባትም ልጃቸው ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው የሙዚየም ሕንፃ ሠርተው ሰጡት፤ ሙዚየሙ በ1892 ለሕዝብ ተከፈተ። ዋልተር የሜዳ አህያ ሠረገላ ላይ ጠምዶ ሎንዶን ከተማ ውስጥ የነዳ ሰው ነው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቢራቢሮና የእሳት እራትም ሰብስቧል። ቻርልስ ከዋልተር ዘጠኝ ዓመት ያንሳል። እሱም ቢራቢሮ ወዳድ ነበረ፤ ጠባዩ ግን የተለየ ነው። ዋልተር ከዓለም ዙሪያ በሠራተኛና በገንዘብ ሲያስመጣ፣ ቻርልስ መረቡን ይዞ ራሱ ሜዳ መውረድ ይወድ ነበር።

በአሥራዎቹ ዕድሜ ሀሮው ወደሚባለው ታዋቂ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያ የነበረው ሕይወት መራራ ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ ልጆቹ እንደ አውሬ ያሳድዱትና ይደበድቡት ነበር፤ ቁስሉም አዋቂ ከሆነ በኋላ እንኳ አልለቀቀውም። መጽናኛው በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያለው ሜዳ ነበር። በ1895 ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር ሆኖ የሀሮውን አካባቢ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች የሚዘረዝር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። ምርጫው በእጁ ቢሆን ኖሮ ቀሪ ዕድሜውን በዚያው ሙያ ባሳለፈ ነበር። ነገር ግን የሮትሺልድ ቤት ወንድ ልጅ ባንክ ይገባል። ዋልተርም ለባንክ ሥራ የማይሆን መሆኑን ሁሉም ስላወቀ ሸክሙ በታናሽየው ላይ ወደቀ። ቻርልስ አልተቃወመም። ጠዋት ባንክ ይገባል፣ ሥራውን በትጋት ይሠራል፤ የወርቅ ማጣሪያውንም ጉዳይ ይከታተል ነበር። ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በእረፍቱ ግን የነፍሳቱ ሰው ነው። ሁለቱን ሕይወት አንዱን ለሌላው ሳይተው እስከ መጨረሻው አብሮ ተሸከማቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጤናውን ከጎዱት ነገሮች አንዱም ይህ ድካም ሳይሆን አልቀረም።

ቻርልስ ያየውን ለመረዳት የእንግሊዝን ምሥራቃዊ ሜዳ ማወቅ ያስፈልጋል። ከካምብሪጅ ከተማ በስተሰሜን እስከ ባሕሩ ድረስ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ዝቅተኛ ምድር አለ። ድሮ ይህ ሁሉ ረግረግ ነበር። ሸምበቆና ደንገል ይበቅልበታል፤ ሰዎቹም ዓሣ እያጠመዱ፣ የዱር ዳክዬ እየያዙ፣ ለቤት ክዳን የሚሆን ሸምበቆ እያጨዱ ይኖሩበት ነበር። በ1600ዎቹ ባለሀብቶች ቬርሙይደን የሚባል የሆላንድ መሐንዲስ አምጥተው ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቦዮች አስቆፈሩና ውሃውን ወደ ባሕር መልቀቅ ጀመሩ። በረግረጉ ይተዳደሩ የነበሩት ሰዎች ግድቡን እየናዱ ታግለው ነበር፤ አልሆነላቸውም። ከውሃው በታች የወጣው አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የሸምበቆና የሣር ብስባሽ ስለሆነ እንደ ከሰል ጥቁርና እጅግ ለም ነው። ስንዴ ቢዘሩበት፣ ድንች ቢተክሉበት ያበቅላል። ችግሩ፣ ይህ አፈር ሲደርቅ መሟሸሹ ነው። መሬቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃው በራሱ መፍሰሱን አቆመ፤ መጀመሪያ በንፋስ ወፍጮ፣ በኋላ በእንፋሎት ሞተር እየሳቡ ማውጣት ግድ ሆነ።

በ1851 የመጨረሻው ትልቅ ሐይቅ ዊትልሲ ተራው ደረሰው። በዚያው ዓመት ሎንዶን ላይ በተከፈተው ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን የታየ አዲስ የውሃ መሳቢያ መጥቶ ሐይቁን አደረቀው። ዓሣው ጭቃ ላይ ሲንፈራገጥ ሰዉ በጋሪ ይዝቀው ነበር። በአቅራቢያው ሆልም በሚባል ቦታ መሬቱ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ለመለካት አንድ የብረት ምሰሶ ተቀበረ፤ አናቱ ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ዛሬ ያ ምሰሶ ከመሬት በላይ አራት ሜትር ያህል ቆሟል። ምሰሶው ከፍ አላለም፤ ምድሩ ነው የወረደው።

ከረግረጉ ጋር አንድ ቢራቢሮ ጠፋ። እንግሊዞች ትልቁ መዳብ ይሉታል። የወንዱ ክንፍ አዲስ እንደተወለወለ የመዳብ ድስት ያበራል። አባጨጓሬው የሚበላው አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ነው፤ ይህም በአገራችን ቱልትና መቅመቆ ከምንላቸው ተክሎች ወገን የሆነ፣ ውሃ ዳር የሚበቅል ሰፊ ቅጠል ነው። ቢራቢሮው ውብ ስለነበረ ሰብሳቢዎች ከየከተማው እየመጡ ከመንደሩ ሰዎች በሳንቲም ይገዙት ነበር፤ ሰብሳቢዎቹም ጎድተውታል። ያጠፋው ግን የውሃው መሄድ ነው። ውሃው ሲሄድ ቅጠሉ ሄደ፣ ቅጠሉ ሲሄድ አባጨጓሬው የሚበላው አጣ። ቻርልስ ሲወለድ ከዚህ ቢራቢሮ በእንግሊዝ የቀረው በመርፌ ተወግቶ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነበር።

ወጣቱ ቻርልስ መረብ ይዞ የወጣው እንዲህ ባለ ምድር ላይ ነው። በታረሰ አገር ቢራቢሮ የሚፈልግ ሰው የሚበርረውን አያሳድድም፤ መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው። ማረሻ ያልደረሰበት የት ነው ብሎ ይጠይቃል። የቦይ ዳር፣ የባቡር ሐዲድ ጥግ፣ በሬ የማይወጣው ገደላማ ዳገት፣ በጫካ ውስጥ ያለ ፀሐይ የሚገባበት መንገድ፣ የድሮ መቃብር ቦታ፤ እንዲህ ያሉትን ያጠናል። ከዚያ አባጨጓሬው የሚበላውን ቅጠል ይፈልጋል። ቅጠሉ ካለ ይጠብቃል፤ ከሌለ ይሄዳል። ቻርልስ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በየዓመቱ ወደነዚያው ቦታዎች ሲመለስ አንዳንዱ ታርሶ፣ አንዳንዱ ደርቆ፣ አንዳንዱም ቤት ተሠርቶበት ያገኘዋል።

ካምብሪጅ አጠገብ ዊክን የሚባል ያልደረቀ ቁራጭ ረግረግ ቀርቶ ነበር። ቻርልስ ከዚያ ላይ መሬት ገዝቶ በ1901 ታሪካዊና ውብ ቦታዎችን ለሚጠብቀው ለብሔራዊው የአደራ ድርጅት በነፃ ሰጠ። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዘመን ስለ አሽተን ጫካ የሚነገረው ታሪክ ይገኛል። በኖርዝሃምፕተን አውራጃ ኦውንድል ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በቢራቢሮ ብዛት የታወቀ ጫካና መስክ አለ። ቻርልስ ቦታውን አይቶ ልቡ ተማረከና ሊገዛው አሰበ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሲያጠያይቅ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ቦታው እንደማይሸጥ፣ ባለቤቱም ሎርድ ሮትሺልድ እንደሆኑ ነገሩት። መሬቱ የአባቱ ነበር። ቤተሰቡ በአያቱ ዘመን ገዝቶት ኖሮ፣ ከብዙው ርስት መሀል ልጁ አያውቀውም ነበር። ይህን ታሪክ በኋላ ያወሩት የገዛ ልጆቹ ናቸው። አባትም ቦታውን ለቻርልስ ለቀቁለትና ቤት ሠራበት። የአሽተን መንደር ገበሬዎችም ድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው አዳዲስ ቤቶች ተሠሩላቸው፤ በዚያ ዘመን ለገጠር ሠራተኛ የማይታሰብ መታጠቢያ ቤትም ነበራቸው።

ቻርልስ በሳይንስ ዓለም ስሙ የተጠራው ግን ከቢራቢሮ ይልቅ በቁንጫ ነው። ያን ጊዜ ቁንጫን ከቁም ነገር የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነበር። እሱ ከዓለም ዙሪያ ቁንጫ አሰባሰበ፤ በአይጥ፣ በቀበሮ፣ በሌሊት ወፍ፣ በጃርት ላይ የሚኖረውን ሁሉ። በሕይወቱ ዘመን የሰበሰበው 260 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ 500 ያህል ዓይነቶችን ገልጾ ስም ሰጥቷል። በ1901 ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሱዳን ሄዶ ነበር። ከካርቱም በስተሰሜን በአባይ ዳር ባለችው በሸንዲ ከተማ አካባቢ ከአይጦች ላይ አንድ ቁንጫ አነሳ፤ በ1903 በግብፁ ፒራሚድ ሠሪ ንጉሥ በኬኦፕስ ስም ሰየመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕንድ ውስጥ ሕዝብ ይጨርስ የነበረውን የቸነፈር በሽታ ከአይጥ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው በዋናነት ይኸው ቁንጫ መሆኑ ተረጋገጠ። ለጨዋታ የሚመስለው ስብስብ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ። ከእኛ መካከል ብዙዎች በስደት ያለፉባት ሱዳን በዚህም መንገድ በታሪኩ ውስጥ አለች።

ነፍሳት ፍለጋው ትዳርም አመጣለት። በካርፓቲያ ተራሮች ቢራቢሮና ቁንጫ ሲሰበስብ ሮዢካ ፎን ቬርትሃይምሽታይን የምትባል የሃንጋሪ አይሁዳዊት ተዋወቀ። ሮዢካ ብልህና ደፋር ሴት ነበረች፤ በአገሯም በሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮን ሆና የታወቀች ናት። በ1907 ተጋቡና ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። የመጨረሻዋን ልጅ ፓኖኒካ ብለው ሰየሟት፤ ስሙ የተወሰደው በሃንጋሪ ሜዳ ከሚኖር ትንሽ የእሳት እራት ነው። ይህቺ ልጅ አድጋ ኒውዮርክ ውስጥ የጃዝ ሙዚቀኞች ባለውለታ ሆናለች፤ ታዋቂው ቴሎኒየስ መንክም በስሟ ሙዚቃ ደርሶላታል። ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በ1910 ቻርልስ ከደረቀው ከዊትልሲ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ ዉድዋልተን የሚባል ረግረግ ገዛ። ከአንድ መቶ ሠላሳ ሄክታር በላይ ይሆናል። ቦታው ሙሉ በሙሉ ያልተነካ አልነበረም፤ ለማገዶ የሚሆን ጥቁር አፈር ተቆፍሮበታል። ነገር ግን በዙሪያው ካለው የእርሻ ባሕር መሀል የቀረ ደሴት ነው። በ1911 መሀሉ ላይ ከመሬት ከፍ ባሉ ምሰሶዎች የቆመች፣ የሣር ክዳን ያላት ትንሽ ቤት አሠራ። ከባንክ ሲያመልጥ ከጓደኞቹ ጋር እየመጣ፣ ሌሊት መብራት አብርቶ የእሳት እራት የሚጠብቅባት ቤት ናት።

በዚህ ጊዜ ሐሳቡ በስሎ ነበር። በእንግሊዝ ያኔ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሚሹት ግን ብርቅዬ ወፍ እንዳይገደል፣ ብርቅዬ አበባ እንዳይነቀል የሚከለክል ሕግ ነው። ቻርልስ ይህ አይበቃም አለ። መኖሪያው ከታረሰ፣ ማንም ባይነካውም ቢራቢሮው ይሞታል። መጠበቅ ያለበት ቦታው ነው፤ ከነውሃው፣ ከነቅጠሉ፣ ከነአፈሩ። ቦታውም ለዓይን ስላማረ ወይም በአጋጣሚ ለሽያጭ ስለቀረበ መመረጥ የለበትም። አገሪቱ በሙሉ ተጠንታ፣ በውስጣቸው በሚኖረው ነገር የከበሩት ቦታዎች በዝርዝር መታወቅ አለባቸው። ዛሬ ይህ ለሁሉም ግልጽ ይመስላል፤ ያኔ ግን እንዲህ ያሰበ ጥቂት ነበር።

ሜይ 16 ቀን 1912 በሎንዶኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ተሰብስቦ የተፈጥሮ ክልሎችን የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ወዲያው የመጠይቅ ቅጾችን በመላ ብሪታንያና አየርላንድ ላሉ አዋቂዎች ላከ። በምታውቁት አገር ሊጠበቅ የሚገባው ቦታ የት ነው፣ ምን ይኖርበታል፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ምንስ ያሰጋዋል የሚል ነው። የመንደር ቄሶች፣ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ በትርፍ ጊዜያቸው አበባና ነፍሳት የሚከታተሉ ሰዎች መልስ ላኩ። ቻርልስ ብዙውን ወጪ ከኪሱ እየከፈለ፣ ብዙውንም ደብዳቤ ራሱ እየጻፈ ሥራውን አስኬደው።

ሥራው ሳያልቅ በ1914 ዓለም በጦርነት ነደደች። በማርች 1915 ደግሞ አባቱ አረፉ፤ የባንኩ ኃላፊነት የበለጠ ከበደው። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ዝርዝሩን ጨርሶ ለመንግሥት የእርሻ ቦርድ አቀረበ። 284 ቦታዎች ነበሩበት። ለእርሻ ቦርድ ማቅረቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጦርነቱ ከረዘመ መንግሥት እህል ፍለጋ ያልታረሰውን ሁሉ እንደሚያሳርስ ገብቶታል። እነዚህን እንኳ ተዉልን ለማለት ነበር።

የፈራውም ደረሰ። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑ መርከቦችን ሲያሰምጡ፣ በ1917 መንግሥት የግጦሽ መስክ ሁሉ እንዲታረስ ዘመቻ ጀመረ። ሕዝብ እንጀራ በሚፈልግበት ሰዓት ስለ ቢራቢሮ መስክ የሚሰማ ባለሥልጣን አልነበረም። ይህንንም መኮነን ያስቸግራል፤ የተራበ ልጅ ያለው ሰው መስኩን ቢያርስ ማን ይፈርድበታል? ያሳዘነው ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ዝርዝሩን አንስቶ ያነበበ አለመገኘቱ ነው። ወረቀቱ በየመሳቢያው ተቀመጠ።

በእነዚያው ዓመታት ባለቤቱ ሮዢካ በሌላ ጉዳይ ትሮጥ ነበር። በኋላ የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሐይም ቫይስማን ያኔ በእንግሊዝ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ሮዢካ ከእንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች ጋር እያገናኘች ረድታቸዋለች። የባልፎር ደብዳቤ ለዋልተር የደረሰው በኖቬምበር 1917 ነው። የዚያ ቤተሰብ ሰዎች ጠዋት ስለ ጽዮን፣ ማታ ስለ ቁንጫ የሚነጋገሩ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቻርልስ ግን እየታመመ ነበር። ድካምና ጭንቀት ደቆሰው፤ በጦርነቱ ወቅት ለሕክምና ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ከቤተሰቡ ተለይቶ ቆየ። በዚያ ዘመን ብዙ አገር ያዳረሰው የአንጎል ብግነት በሽታም ያዘው። ይህ በሽታ እንቅልፍ ይነሳል፣ አእምሮን ያውካል፣ መንፈስን ይሰብራል፤ መድኃኒት አልነበረውም። ከስዊዘርላንድ ሲመለስ ልጆቹ የሚያውቁት አባት አልነበረም። ገንዘብም፣ ሐኪምም፣ ወዳጅም ሳያጣ ሕመሙ አላቃቅ አለው። በ1919 ዉድዋልተንን ለማኅበሩ ሰጠ። ኦክቶበር 12 ቀን 1923 በአሽተን ቤቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ ሞት በየትኛውም ቤተሰብ ላይ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በእነርሱም ቤት ለብዙ ዓመታት ዝምታ አሰፈነ።

የበኩር ልጁ ሚርያም ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ቢራቢሮ ስትሰበስብ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ሁሉንም ትታ ወደ ነፍሳት ዓለም ላለመመለስ ወስና ነበር። የመለሳት ወንድሟ ቪክቶር ነው፤ ለእረፍት ከትምህርት ቤት የተሰጠውን እንቁራሪት አርዶ የማጥናት ሥራ እንድትረዳው ጠየቃት፣ በዚያው ተያዘች። ትምህርት ቤት ገብታ ያልተማረችው ሚርያም ከታላላቅ የነፍሳት ሊቃውንት አንዷ ሆነች። ቁንጫ እንዴት እንደሚዘልል አጠናች። የአባቷን የቁንጫ ስብስብ መዝግባ በበርካታ ጥራዝ አሳተመች፤ ሥራው ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከናዚዎች ያመለጡ አይሁዳውያን ልጆችን በአሽተን አስጠግታለች።

ከዚያ ጦርነት በኋላ የመጣው ለውጥ አባቷ ካየው የከፋ ነበር። ትራክተር፣ የአረም መርዝ፣ ፀረ ተባይና የፋብሪካ ማዳበሪያ ገቡ። ማሳው እንዲሰፋ በማሳዎች መካከል ያሉት የቁጥቋጦ አጥሮች ተነቀሉ። ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ በእንግሊዝና በዌልስ ቆላማ አገር ከነበረው አበባማ የሣር መስክ 97 በመቶው ጠፋ። በአሽተን አውራጃ ጫካዎች ይኖር የነበረ፣ ቡናማ ክንፉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ትንሽ ቢራቢሮም በ1976 ከእንግሊዝ ምድር ጠፋ፤ የቀረው ስኮትላንድ ውስጥ ብቻ ነበር።

ሚርያም መልሷ ቀላል ነበር። ሣሯን ማጨድ ተወች፤ ቤቷን ሐረግ ዋጠው፣ እስከ በሯ ድረስ የሜዳ አበባ በቀለ። ከዚያ የዱር አበባ ዘር እየለቀመች አበዛችና ለሚፈልግ ሁሉ አቀረበች። ገበሬ ከስንዴው መሀል ነቅሎ የሚጥላቸውን ቀይና ሰማያዊ አበቦች ያቀፈውን አንዱን የዘር ድብልቅ «የገበሬ ቅዠት» ብላ ሰየመችው። ዛሬ ንጉሥ የሆኑት ቻርልስ እንኳ ለግቢያቸው ከእሷ ዘር ወስደዋል። በ1997 ደግሞ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ሆና ስለ አባቷ ዝርዝር መጽሐፍ አወጣች። እነዚያ 284 ቦታዎች ምን ደረሱ ብላ ነበር የተነሳችው። አንዳንዱ ታርሷል፣ አንዳንዱ ጥድ ተተክሎበታል፣ አንዳንዱም ጠፍቷል። ብዙዎቹ ግን ከ1949ኙ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ በኋላ በመንግሥት ታውቀው ጥበቃ አግኝተዋል። ባለሥልጣናቱ ቦታ መምረጥ ሲጀምሩ የደረሱባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ በቻርልስ ወረቀት ላይ የተጻፉት ነበሩ። ያቋቋመው ማኅበርም ዛሬ በመላ ብሪታንያ ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ድርጅት ሆኗል። ሚርያም በ2005 በዘጠና ስድስት ዓመቷ አረፈች።

ዉድዋልተንስ? ቻርልስ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ የጠፋው የመዳብ ቢራቢሮ የቅርብ ዘመድ ከሆላንድ መጥቶ እዚያ ተለቀቀ። ለብዙ ዓመታት ኖረ፤ ነገር ግን ያለ ሰው እንክብካቤ ራሱን አልቻለም፣ በመጨረሻም አለቀ። ቦታው ትንሽ ነበር። ሌላም ያልታሰበ ነገር መጣ። ረግረጉን ገዝቶ አጥሮ መተው ብቻ እንደማይበቃ ታወቀ። ሸምበቆ የሚያጭደው የመንደር ሰው ሲቀር ቁጥቋጦ ወረረው፤ በዙሪያው ያለው የእርሻ መሬት ደርቆ ዝቅ ሲል ደግሞ የረግረጉ ውሃ ወደ ውጭ ይሰርግ ጀመር። ስለዚህ በኋላ ቁጥቋጦውን መመንጠር፣ ሸምበቆውን በየተራ ማጨድ፣ ውሃውን የሚያግድ የሸክላ አፈር ግድብ መሥራት አስፈለገ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ዉድዋልተንን የብረቱ ምሰሶ ካለበት ከሆልም ረግረግ ጋር ለማገናኘት፣ በመሀላቸው ያለውን የእርሻ መሬት እየገዙ ወደ ረግረግነት የመመለስ ሥራ ተጀምሯል፤ ዕቅዱ 3,700 ሄክታር ያህል ነው። በ2018ም ያ ቡናማና ቢጫ ቢራቢሮ ከቤልጂየም መጥቶ በኖርዝሃምፕተን ጫካ ተለቋል።

የቻርልስ ቤት ዛሬም በምሰሶዎቿ ላይ ቆማለች። ወደ እርሷ የሚሄድ ሰው በግድቡ ላይ ሲያልፍ በአንድ በኩል ሸምበቆውንና ውሃውን፣ በሌላው በኩል ደግሞ ከውሃው ዝቅ ብሎ የተዘረጋውን ጥቁር እርሻ ያያል።